ለዓመታት የቆመን አሮጌ ትራክተር ለበጎ ፈቃድ ሙዚየም ማዘጋጀት፦ ከማንሳት እስከ ማስነሳት

ለሙዚየም በስጦታ የሚመጣ አሮጌ ትራክተር ብዙውን ጊዜ ከዛፍ ሥር ወይም ከጎተራ ጀርባ ለዓመታት የቆመ ነው። በጎ ፈቃደኞች ሲሰበሰቡ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ይነሳ ይሆን?» የሚል ነው። ጉጉቱ መልካም ነው፤ ሥራውን የሚያስጀምረውም እሱ ነው። ነገር ግን የቆመ ሞተር ቆሞ በኖረባቸው ዓመታት ካገኘው ጉዳት ይልቅ በመጀመሪያው ቀን ችኮላ የሚደርስበት ይብሳል። የተጣመመ ቢየላ (ፒስተኑን ከሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ ጋር የሚያያይዝ ክንድ)፣ የተሰነጠቀ ካሚቻ (ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር ቱቦ)፣ ዘንጉ የተቆረጠ የናፍጣ ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ የጉልበት እንጂ የዝገት ውጤቶች አይደሉም። መለዋወጫቸው ከገበያ ለጠፋ ማሽኖች ደግሞ እንዲህ ያለ ስብራት ማሽኑን ለዘለቄታው ዝም ያሰኘዋል።

ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በአብዛኛው ከ1930ዎቹ እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ለተሠሩ ባለ አራት ምት የቤንዚን፣ የላምባና የናፍጣ ትራክተሮች ይሠራል። የማሽኑ የራሱ ማንዋል ከተገኘ በልኬት ጉዳይ ሁልጊዜ ማንዋሉ ይቀድማል።

ደረጃ 1፦ ከቆመበት ሳይነቃነቅ

መጀመሪያ ወረቀቱ ይለቅ። ሰጪው የማሽኑ ባለቤት መሆኑን፣ ሙዚየሙ ማሽኑን መፍታት፣ ማስነሳትና በሕዝብ ፊት ማሠራት እንደሚችል፣ ሙዚየሙ ቢዘጋ ማሽኑ ወዴት እንደሚሄድ በጽሑፍ ተስማሙና ሁለታችሁም ፈርሙ። በቃል የተሰጠ ትራክተር ከብዙ ወራት ሥራ በኋላ የወራሾች ክርክር ሊያስነሳ ይችላል።

ከዚያ ፎቶግራፍ። አራቱን ጎን፣ የስም ሰሌዳውን፣ በሞተሩ ብረት ላይ የታተሙትን ቁጥሮች፣ የእያንዳንዱን ሽቦና ቱቦ መንገድ፣ ማንሻዎቹ የቆሙበትን ቦታ አንሱ። በሽቦ የታሰረ፣ በእንጨት የተተካ፣ በብየዳ የተጠገነ ነገር ካለ በቅርበት አንሱት፤ ገበሬው በችግር ጊዜ የሠራው ጥገናም የማሽኑ ታሪክ ነው። በማሽኑ ዙሪያ ያለውን ሣር በእጅ ፈትሹ። የራዲያተር ክዳን፣ የማያያዣ ፒን፣ የሞተር ጎን ሽፋን ብዙ ጊዜ ከቆመበት ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ተቀብሮ ይገኛል።

የጭስ ማውጫው ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የተከፈተ ከሆነና ክዳን ከሌለው ዝናብ ገብቷል ብላችሁ አስቡ። ውሃው የሚደርሰው ሞተሩ ሲቆም የጭስ ቫልቩ ተከፍቶ ወደቀረው ሲሊንደር ነው፤ የተጣበቀውም ያ ሲሊንደር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ዛሬውኑ በቆርቆሮ ክደኑት።

ለማንሳት ማርሹን ዜሮ አድርጉና በዊንች ቀስ ብላችሁ ወደ ጭነት መኪናው ሳቡት። የኋላ ጎማ አልዞር ካለ ፍሬኑ ከበሮው ላይ ዝጎ ተይዟል ማለት ስለሆነ በጉልበት አትጎትቱ፤ ጎማውን በክሪክ አንስታችሁ ከበሮውን በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን መታ መታ አድርጉ። ያረጀ ጎማ ለመጫን ሲባል ትንሽ ነፋስ ይበቃዋል። በኋላ ጎማ ውስጥ ለክብደት የተሞላ የካልሲየም ክሎራይድ ውሃ ቸርኬውን ከውስጥ በልቶት ሊሆን ስለሚችል፣ ሙሉ ነፋስ ስትሞሉ ሰው ከጎማው ጎን መቆም የለበትም።

ደረጃ 2፦ መዝገብና ውሳኔ

እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ቁጥርና የራሱ ደብተር ይኑረው። የተፈታ ክፍል ሁሉ የማሽኑ ቁጥር ያለበት የብረት ወይም የፕላስቲክ መለያ ይታሰርበት። ወረቀት በዘይት ይጠፋል። በጎ ፈቃደኛ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ያለ መለያ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የካርቡሬተር ክፍል ያስቀመጠው ሰው ሲቀር ማንም የማያውቀው ብረት ይሆናል።

ማሽኑን መለየት ቁጥር ከማንበብ ያለፈ ነው። የፈርጉሰን ቲኢ20ን እንውሰድ፦ ከ1946 እስከ 1956 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ የመጀመሪያዎቹ የኮንቲኔንታል ሞተር ነበራቸው፣ በኋላ ግን በስታንዳርድ ሞተር ተተካ። የሻሲው ቁጥር የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እያሳየ ስታንዳርድ ሞተር ካለው ሞተሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። የአየር ጎማ ለትራክተር በገበያ የቀረበው በ1932 በአሊስ ቻልመርስ ነው፤ ስለዚህ የ1920ዎቹ ፎርድሰን የአየር ጎማ አጥልቆ ከመጣ ጎማው ኋላ የተጨመረ ነው። ይህ ጉድለት ስላልሆነ መመዝገብ እንጂ ማስወገድ አያስፈልገውም።

አሁን ውሳኔው ይምጣ፦ ይሠራል ወይስ ቆሞ ይታያል? የእኛ አቋም ግልጽ ነው። በብዛት የተሠራና መለዋወጫው የሚገኝ ማሽን ይሥራ፤ ሕዝብ ድምፁን ይስማ፣ ሽታውን ያሽት። ብርቅ የሆነና የፋብሪካ ቀለሙ፣ ጽሑፉ፣ የውስጥ ክፍሉ ሳይነካ የቆየ ማሽን ግን መሥራት ያስረጀዋል። ቆሞ ይታይ፤ ይጸዳ፣ ይጠበቅ፣ አይቀባ። ውሳኔውን ከነምክንያቱ ደብተሩ ላይ ጻፉ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣው ቡድን ምክንያቱን ማወቅ አለበት።

ደረጃ 3፦ ማጽዳት

በከፍተኛ ግፊት ውሃ የሚያጥብ ማሽን ፈጣን ነው፤ ለአሮጌ ትራክተር ግን አትጠቀሙበት። ውሃውን ያረጀውን ማኅተም አልፎ ወደ ኩሽኔታ፣ ወደ ዲናሞ፣ ወደ ማግኔቶ (የካንዴላ ብልጭታ አመንጪ) ያስገባል፤ የፋብሪካ ጽሑፍና ቀለምንም ይገነጥላል። የደረቀ ግራሶና አፈር በእንጨት መፋቂያ ይነሳል፤ የቀረው በላምባና በጸጉር ብሩሽ፣ በመጨረሻም ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና። ዘይት የተቀላቀለበት ወፍራም ጭቃ ሲነሳ ከሥሩ ንጹሕ የመጀመሪያ ቀለም ይወጣል፤ ትክክለኛውን የቀለም ዓይነት ለማግኘት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ሁለት ነገር ጤናችሁን ይጎዳል። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቅ የብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ በውሃ አርጥባችሁ፣ የአቧራ መከላከያ ጭንብል አድርጋችሁ ሥሩ። የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ዲስክና አሮጌ ጓርኒሲዮን (በሁለት ክፍሎች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ደግሞ አስቤስቶስ አላቸው ብላችሁ ተነሱ። በኮምፕሬሰር አየር አትንፏቸው፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጨርቁን በፕላስቲክ ቋጥራችሁ አስወግዱ።

ለትንንሽ የብረት ክፍሎች ዝገትን በኤሌክትሪክ ማስለቀቅ ጥሩ ይሠራል። በፕላስቲክ ባልዲ ውሃ ሙሉና ለእያንዳንዱ 4 ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዲየም ካርቦኔት አሟሙ። የዛገውን ዕቃ ከ12 ቮልት ቻርጀር ኔጋቲቭ፣ የማትፈልጉትን ተራ ብረት ከፖዘቲቭ አገናኙ፤ ሁለቱ አይንካኩ። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነገር ፖዘቲቭ ላይ አታድርጉ፤ መርዛማ ክሮሚየም ወደ ውሃው ይለቃል። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለሆነ ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን፤ ገመዱን ከመንካታችሁም በፊት ቻርጀሩን አጥፉ። አሉሚኒየም ይበላል፣ ጠንካራ ስፕሪንግም ይሰባበራል፤ ሁለቱን አትክተቱ።

ደረጃ 4፦ የተያዘ ሞተር ማላቀቅ

ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ነው። መጀመሪያ በእርግጥ የተያዘው ሞተሩ መሆኑን አረጋግጡ። ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ የፋን ቺንጋውን ፍቱ። የውሃ ፓምፕ ወይም ዲናሞ ተይዞ ሞተሩን ያስቆመ ሊመስል ይችላል። የናፍጣ ሞተር ከሆነ ፓምፑን ከሞተሩ ሳታላቅቁ ወይም በነፃነት መዞሩን ሳታረጋግጡ ኮሎውን (የሞተሩን ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) አታስጨንቁት። እንደ ካቭ ዲፒኤ ያለ የሚሽከረከር ፓምፕ ውስጡ ዝጎ ከተያዘ የሚቆረጠው ቀጭኑ የፓምፑ ዘንግ ነው።

የኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) ማፍሰሻ ብሎን ቀስ ብላችሁ አላሉ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ካለ ቀድሞ ይወጣል። ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ ከወጣ ኮፓውን ማውረድ ግድ ነው፤ ከታች እንደ ቅቤ የወፈረ ዝቃጭ ታገኛላችሁ፤ እሱ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ከደፈነ ሞተሩ በተነሳ በደቂቃዎች ብሮንዚኖቹ (ኮሎው የሚዞርባቸው ማረፊያዎች) ይቃጠላሉ።

ካንዴላዎቹን ወይም ኖዝሎቹን አውጡና በእያንዳንዱ ሲሊንደር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ዝገት አላቃቂ ጨምሩ። የተገዛ ከሌለ ግማሽ አሴቶንና ግማሽ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት በደንብ ይሠራል። ሁለቱ ስለሚለያዩ በየጊዜው በጥብጡት፤ አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠልና ስለሚተን ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ድፈኑ፣ እሳት አታቅርቡ። በማግሥቱ በእጅ ባትሪ አይታችሁ ፈሳሹ የቱ ሲሊንደር ውስጥ ሳይወርድ እንደቀረ መዝግቡ። እዚያ ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ከግድግዳው ጋር በዝገት ተጣብቀዋል፤ ጨምሩበት። በዚህ ዓይነት ከ1 እስከ 3 ሳምንት ጠብቁ። ሥራ የለም ማለት ግን አይደለም፤ በዚሁ ጊዜ የቫልቭ ክዳኑን አንስታችሁ የእያንዳንዱን ቫልቭ ዘንግ በዘይት አርሱ።

ከዚያ መሞከር። ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን የኤሌክትሪክ ሞተር) አውጥታችሁ በቀዳዳው በኩል የቮላኖውን (በኮሎው ጫፍ ያለውን ከባድ መንኮራኩር) ጥርስ በጠንካራ የብረት ዘንግ ያዙና ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ቀጥሎም ወደ ኋላ በመጠነኛ ኃይል ነቅንቁ። የሁለት ሚሊ ሜትር ንቅናቄ ካገኛችሁ ማሸነፋችሁ ነው፤ እዚያው ቁሙ፣ ዘይት ጨምሩ፣ በማግሥቱ ተመለሱ። በአንድ ቀን ሙሉ ዙር ለማዞር ከታገላችሁ የተላጠው ዝገት በፋሻና በግድግዳ መካከል ገብቶ እንደ ሽብልቅ ይይዛል። በሌላ ትራክተር ጎትቶ ማርሽ አስገብቶ ማላቀቅ የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። ጎማው የሚያሳርፈው ኃይል በካምቢዮው ተባዝቶ አንድ የተያዘ ፒስተን ላይ ሲያርፍ ቢየላው ይጣመማል ወይም ፒስተኑ ይሰበራል፤ የተገኘው ንቅናቄ ለዚያ አይመጥንም።

ከሦስት ሳምንት በኋላም ንቅንቅ ካላለ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ይውረድ። ዳዶዎቹን ከዳር ወደ መሃል፣ በዙር በዙር አላሉ። የቫልቭ መግፊያ ዘንጎቹን የተበሳ ካርቶን ላይ በቁጥር ደርድሯቸው፤ ወደነበሩበት መመለስ አለባቸው። ከፒስተኑ በላይ ያለውን የዛገ ግድግዳ በዘይት በተነከረ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ ፍርፋሪውን አውጡ፤ ይህ ሳይሆን ፒስተኑ ወደ ላይ ቢገፋ እንደገና ይነክሳል። አሁን የሲሊንደሩን ስፋት ያህል የሆነ ጠንካራ የእንጨት ቁራጭ ፒስተኑ ላይ አስቀምጡና በመዶሻ ምቱ። የሚመታው ግን በጉዞው መሃል ላይ ያለ ፒስተን ብቻ ነው። ጫፍ ላይ የደረሰ ፒስተን ቢየላው ከኮሎው ጋር ቀጥ ያለ ስለሆነ ምቱ ኮሎውን አያዞርም፤ ሁሉም ብሮንዚኑ ላይ ያርፋል። አራት ሲሊንደር ባለው ሞተር ሁለቱ ወደ ላይ ሲሄዱ ሁለቱ ወደ ታች ስለሚሄዱ የተያዘው አንዱ ብቻ ቢሆንም ሁሉንም ያስቆማል።

ብዙዎች የማያስቡት አንድ አደጋ አለ። ካሚቻው የሚነቀል፣ ውሃ በውጭ በኩል የሚዞረው ዓይነት ከሆነ ቴስታታ በሌለበት ኮሎው ሲዞር ፒስተኑ ካሚቻውን ይዞት ወደ ላይ ይነሳል፤ የታችኛው ማኅተም ይለቅና ውሃ ወደ ኮፓ መግባት ይጀምራል። ከማዞራችሁ በፊት በቴስታታው ብሎኖች ላይ አጭር ቱቦና ሰፊ ሮንዴላ አስገብታችሁ የካሚቻውን ከንፈር ወደ ታች ያዙት።

ሞተሩ ሲለቅ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙሩ። በአራት ምት ሞተር ሁሉም ቫልቭ አንድ ጊዜ ተከፍቶ የሚዘጋው በሁለት ዙር ነው። ተከፍቶ የቀረ ቫልቭ ካያችሁ አታዙሩ፤ መግፊያ ዘንጉ ይጣመማል። ዘይት አፍስሳችሁ የቫልቩን ጫፍ በለስላሳ መዶሻ መታ መታ አድርጉ። ወደ ሲሊንደር የጨመራችሁት ፈሳሽ ወርዶ ከኮፓው ዘይት ጋር ስለተቀላቀለ ዘይቱን ሳትቀይሩ ሞተሩን አታስነሱ።

ደረጃ 5፦ ነዳጅ

የቆየ ቤንዚን ወደ ሙጫ ይለወጣል፣ የቆየ ናፍጣ ደግሞ ውሃ ይሰበስብና ጥቁር ዝልግልግ ያበቅላል። ታንኩን አውርዳችሁ አፍስሱት። ውስጡ ዝጎ ከሆነ በአንድ ሊትር ውሃ ከ50 እስከ 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ አሟሙና ሞልታችሁ አንድ ቀን አቆዩት፤ ከዚያ ሶዲየም ካርቦኔት በሟሟበት ውሃ አለቅልቁ፣ በፍጥነት አድርቁ፣ ወዲያው በናፍጣ ወይም በቀጭን ዘይት ውስጡን አርሱት፤ ለሰዓታት እርጥብ ከቆየ እንደገና ይዝጋል። ባዶ ታንክ በምንም ምክንያት አይበየድ። የቀረው ተን ይፈነዳል።

የላምባ ትራክተር የራሱ ጠባይ አለው። በቤንዚን ይነሳል፣ ሲሞቅ ወደ ላምባ ይዞራል፤ ከመጥፋቱ በፊት ደግሞ ወደ ቤንዚን ተመልሶ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ላምባ ማለቅ አለበት፤ ያለዚያ በማግሥቱ ቀዝቃዛ ሞተር በላምባ አይነሳም። ሳይሞቅ ወደ ላምባ የተቀየረ ሞተር ያልተቃጠለ ነዳጅ በፋሻዎቹ በኩል ወደ ኮፓ ይወርድበትና ዘይቱ ይቀጥናል። የዘይቱ መጠን ከፍ ካለ ወይም ዘይቱ ላምባ ከሸተተ ቀይሩት።

የናፍጣ መስመር አየር ከያዘ ሞተሩ አይነሳም። አየሩን ለማስወጣት፦

1. ታንኩን ሙሉ፣ መዝጊያውን ክፈቱ።
2. በእጅ የሚሠራውን የናፍጣ ማንሻ ፓምፕ ነቅንቁ። ማንሻው ላልቶ ምንም ካልገፋ የፓምፑ ክንድ በካሙ ጉብታ ላይ ቆሟል፤ ሞተሩን አንድ ዙር አዙራችሁ ሞክሩ።
3. የማጣሪያውን የአየር ብሎን አላሉ፤ አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲወጣ አጥብቁ።
4. በዋናው ፓምፕ ላይ ያሉትን የአየር ብሎኖች በተራ እንዲሁ አድርጉ።
5. በኖዝሎቹ ጫፍ ያሉትን ዳዶዎች በግማሽ ዙር አላሉ፣ ሞተሩን በሞተሪኖ አዙሩ፣ ናፍጣ ሲመጣ አጥብቁ።

ኖዝል ከሞተር ውጭ እየረጨ እጃችሁን አታቅርቡ። ግፊቱ ቆዳ በስቶ ናፍጣ ወደ ሥጋ ያስገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ደረጃ 6፦ ውሃና ኤሌክትሪክ

ራዲያተሩን በንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ ጠዋት ከሞተሩ ጎን እርጥብ መስመር ከታየ ውሃ በብርድ ረግቶ ብረቱን ሰንጥቆታል። የላስቲክ ቱቦዎችን ደህና ቢመስሉም ቀይሩ።

በኤሌክትሪክ በኩል ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባትሪ ሲገጥም ነው። ብዙ አሮጌ ትራክተሮች ፖዘቲቩ ከሻሲ ጋር የታሰረ ነው፤ ከ1947 እስከ 1952 የተሠራው ፎርድ 8ኤን ለምሳሌ 6 ቮልት ሆኖ ፖዘቲቩ መሬት ነው። ዛሬ በለመድነው መንገድ ኔጋቲቩን ከሻሲ ካገናኛችሁ ዲናሞና የመሙያ መቆጣጠሪያ ይጎዳሉ። ሽፋኑ የተሰነጠቀ ሽቦ ሁሉ ይቀየር፤ ከባትሪው አጠገብም በእጅ የሚነቀል ማቋረጫ አስገቡ።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ማስነሳት

ከቤት ውጭ፣ በሜዳ ላይ፣ ጎማዎቹ በሽብልቅ ተይዘው ይሁን። አራት ሰው ያስፈልጋል፦ አንዱ ወንበሩ ላይ፣ አንዱ የዘይት ግፊት መለኪያውን የሚያይ፣ አንዱ የእሳት ማጥፊያ የያዘ፣ ለናፍጣ ሞተር ደግሞ አንዱ በአየር ማስገቢያው አጠገብ ጠፍጣፋ ጣውላ ይዞ የቆመ። የአየር ማጣሪያው ለጊዜው ይውለቅ። የናፍጣ ፓምፑ የውስጥ መቆጣጠሪያ ተይዞ ከሆነ ሞተሩ በተነሳ በሰከንዶች ውስጥ ፍጥነቱ ከቁጥጥር ይወጣል፤ ማጥፊያውም አይሰማም። ያኔ የሚያቆመው አየሩን መድፈን ብቻ ነው፤ በጣውላ እንጂ በእጅ ወይም በጨርቅ አይደለም። እጅን ይጎዳል፣ ጨርቁንም ይውጠዋል።

የነዳጅ ማጥፊያውን ሳቡና (ቤንዚን ከሆነ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ) የዘይት ግፊት እስኪታይ ድረስ በሞተሪኖ አዙሩ፤ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ አትለፉ፣ ሞተሪኖው እንዲቀዘቅዝ መካከል ላይ ጠብቁ። ግፊት ካልመጣ አታስነሱ። አብዛኛውን ጊዜ የዘይት ፓምፑ ደርቆ መሳብ አቅቶት ነው፤ በማጣሪያው በኩል ዘይት ሙሉለት።

ማስነሳት ከወንበር ላይ ብቻ ነው። ከጎን ቆሞ የሞተሪኖውን ሁለት ጫፎች በካቻቢቴ ማገናኘት ሰው ይገድላል። ትራክተሩ ማርሽ ውስጥ ከሆነ ወዲያው ይሄዳል፣ የቆማችሁትም ከኋላ ጎማው ፊት ነው። በማኖቬላ (በእጅ ማዞሪያ ብረት) የሚነሳ ከሆነ የማቀጣጠያውን ጊዜ ወደ ዘግይቶ መልሱ፣ አውራ ጣታችሁ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል ይሁን፣ ከታች ወደ ላይ ሳቡ እንጂ ወደ ታች አትግፉ። ሞተሩ ወደ ኋላ ቢመታ ማኖቬላው ከተከፈተ መዳፍ ይወጣል፤ አውራ ጣት የከበበው ከሆነ ግን ጣቱን ወይም አንጓውን ይሰብራል።

ሲነሳ ሰማያዊና ነጭ ጭስ መብዛቱ አያስደንግጥ፤ ሲሊንደር ውስጥ የቀረው ዘይት ነው። በ15 ደቂቃ ውስጥ መቀነስ አለበት። ነጩ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለና ራዲያተሩ አረፋ ካወጣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ለቋል። የዘይት መለኪያው በ5 ሰከንድ ውስጥ ካልተነሳ አጥፉ። ዝቅ ባለ ፍጥነት 20 ደቂቃ ያህል ይሥራ፣ ይጥፋ፣ ይቀዝቅዝ፤ ዘይቱ ከመጀመሪያው አንድ ሰዓት ሥራ በኋላ እንደገና ይቀየር። ቴስታታው ወርዶ ከነበረ ዳዶዎቹ እንደ ማንዋሉ ከመሃል ወደ ዳር እንደገና ይጥበቁ፤ የቫልቭ ክፍተትም ይስተካከል። በማሲ ፈርጉሰን 135 ላይ ለሚገኘው ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ሞተር ክፍተቱ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው።

ደረጃ 8፦ ፍሪሲዮንና ፍሬን

በቆመ ትራክተር የፍሪሲዮን ዲስክ ከቮላኖው ጋር በዝገት ይጣበቃል፤ ፔዳል ተረግጦም ማርሽ አይገባም። ፔዳሉን ወደ ታች ረግጣችሁ በእንጨት ድጋፍ ለጥቂት ቀናት ያዙት። ካልለቀቀ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የነዳጅ ማጥፊያው ተስቦ፣ ፔዳሉ እንደተረገጠ፣ ከፍተኛው ማርሽ ገብቶ በዝግታ ይጎተት፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሜትር ውስጥ «ጠቅ» ብሎ ይለቃል። ይህን የምታደርጉት ሞተሩ በነፃነት የሚዞር ሲሆን ብቻ ነው። ፍሬኑ ደግሞ ትራክተሩ በራሱ ኃይል አንዲት ሜትር ከመሄዱ በፊት ተፈትቶ፣ ጸድቶ፣ ግራና ቀኙ እኩል እንዲይዝ መስተካከል አለበት።

ትራክተሩን ለሁለት መክፈል ካስፈለገ የፊት አክሱ በመሃል ፒን ላይ የሚወዛወዝ መሆኑን አትርሱ። ሞተሩ ከኋላው ሲለይ ወደ ጎን ይዘነበላል። ከመክፈታችሁ በፊት በአክሱና በድጋፉ መካከል በግራም በቀኝም የእንጨት ሽብልቅ ምቱ።

ደረጃ 9፦ ቀለም

የመጀመሪያው ቀለም ከግማሽ በላይ ካለ አትቀቡት። ታጥቦ በሰም ወይም በተቀቀለ የተልባ ዘይት ቢጠበቅ ይበልጣል። ከቀባችሁም ከማይታይ ቦታ የመዳፍ ያህል የፋብሪካ ቀለም ሳይነካ ይቅር፣ ቦታውም በደብተር ይጻፍ። የስም ሰሌዳ፣ የግራሶ መስጫ ጫፍ፣ የሃይድሮሊክ ዘንግ ወለል በቀለም አይሸፈኑ። በጥቅሉ ሙዚየሞች ማሽኑን ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው በላይ ያብለጨልጩታል፤ የእርሻ ማሽን በመስታወት ቀለም ተቀብቶ አያውቅም ነበር፤ የብሩሹ መስመርና የብየዳው እብጠት መታየታቸው ትክክል ነው።

ደረጃ 10፦ ማቆያና የትዕይንት ቀን

አዳራሽ ውስጥ ለሚቆም ማሽን ቤንዚኑ ይፍሰስ፣ ባትሪው ይነቀል፣ ከሥሩ የዘይት መቀበያ ትሪ ይቀመጥ። ጎማው እንዳይጠፈጠፍ አክሱ በእንጨት ግንድ ላይ ይረፍ፤ ክሪክን ለዘለቄታ ድጋፍ አትጠቀሙ። የእንጨት አካል ያላቸው የመውቂያ ማሽኖች እርጥበት ቶሎ ከፍ ዝቅ ሲል ይሰነጠቃሉ፣ ማሰሪያዎቻቸውም ይላላሉ፤ ስለዚህ ከማሞቂያም ከሚያፈስ ጣሪያም ይራቁ። ከማሠራታችሁ በፊት ውስጣቸውን በእጅ አዙራችሁ ፈትሹ፤ የአይጥ ጎጆ፣ የንብ ቀፎ፣ የተረሳ መፍቻ ይገኝባቸዋል።

ለትዕይንት ቀን ማሽኑን የሚያሠራ ሰው በደብተሩ ላይ ለዚያ ማሽን የተፈቀደለት መሆን አለበት። «ትራክተር መንዳት ይችላል» አይበቃም፤ የማርሹና የማጥፊያው ቦታ ከማሽን ማሽን ይለያያል። ያልተጠናቀቀ ሥራ ያለበት ማሽን መሪው ላይ ቀይ መለያ ይታሰርበት፤ መለያውን የሚፈታው ያሰረው ሰው ብቻ ነው። ልቅ ልብስ፣ ነጠላ፣ የተንጠለጠለ ክር አይፈቀድ። በደቂቃ 540 ጊዜ የሚዞረው የፒቲኦ ዘንግ (የትራክተሩን ኃይል ወደ ሌላ ማሽን የሚያስተላልፈው) በሰከንድ ዘጠኝ ዙር ነው፤ ጨርቅ ከያዘ ሰው ለመጮህ እንኳ ጊዜ የለውም፤ ሽፋን የሌለው ዘንግ በሕዝብ ፊት አይሥራ።

ጠፍጣፋ ቺንጋ ከትራክተር ወደ መውቂያ ሲዘረጋ ሁለቱ ፑሌዎች በአንድ መስመር መሆናቸውን በክር ለኩ፤ ትንሽ ከተዛባ ቺንጋው ይወርዳል። የሕዝቡ ገመድ በቺንጋው ትይዩ በጎን ይዘርጋ፣ በሁለቱ ጫፍ አቅጣጫ ግን ማንም አይቁም፤ ቺንጋ ሲበጠስ የሚወረወረው ወደዚያ ነው። ሞተሩን የሚያጠፋው ሰው ከማሽኑ አጠገብ አይራቅ፤ መውቂያውን ከሚመግበው ሰው ጋርም በጫጫታ ውስጥ በሚታይ የእጅ ምልክት ከመጀመሩ በፊት ይስማሙ፦ አንድ እጅ ወደ ላይ «ቀንስ»፣ ሁለት እጅ ተጣምሮ «አጥፋ»።